ያልተፈታው የሸሚዝ ቁልፍ

“እርግጠኛ ነህ?” አሉኝ ፈታኙ ፕሮፌሰር።

“እርግጠኛ ነኝ።”

“በጆሮህ ሰምተኸዋል?”

“አዎ ፕሮፌሰር። ከበሽተኛው ግራ ጡት በታች ጉርምርም የሚል ድምፅ አለ። የልባቸው ቫልቭ ጠቧል።”

ፕሮፌሰሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ...

ይሄ የሕክምና ትምህርቴ የመጨረሻ ፈተና ነው። ካለፍኩ ዶክተር፣ ከወደቅኩ አንድ ዓመት እንደገና። ልብስ ሰፊዋ እናቴ ነጩን ጋውን ራሷ ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ነው የምትጠብቀኝ።

እና እመኑኝ... ያላጠናሁት ነገር አልነበረም።

አናቶሚ በሉኝ፣ ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ያለውን አጥንት በቃሌ እወጣዋለሁ። ፊዚዮሎጂው፣ ባዮኬሚስትሪው፣ ፓቶሎጂው፣ ያ ምላስ የሚያስር የመድኃኒት ስም ሁሉ... ጠጥቼዋለሁ!

በዚያ ላይ “ወረቀቷ” ነበረችኝ።

ለፈተና የሚጠሩት በሽተኞች በየዓመቱ ብዙዎቹ እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ከቀደሙን ተማሪዎች ወደ እኛ የምትወርድ ወረቀት አለች። ማን ምን እንዳለበት ቁልጭ አድርጋ ትናገራለች።

የእኔው በሽተኛ እዚያ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ “ሞተር። ሸበቶ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር። ቫልቩ ጠቧል። ከግራ ጡት በታች ስማ።”

ደም የሚያሳልፈው የልባቸው በር ጠቦ እንደ አሮጌ መኪና ስለሚያጉረመርም ነው ሞተር የተባሉት።

ገና ከበር ሳያቸው በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል።

“እንደምን አደርክ ዶክተር?” አሉኝ ፈገግ ብለው።

“ደህና አባባ። አንዴ ላዳምጥዎት።”

ከታች አንዲት ቁልፍ ፈታሁና ማዳመጫዬን ሰደድኩ።

“የኔ ልጅ... የላይኛውንም ልፍታልህ?”

“አይ አባባ፣ ይበቃል። ሰዓት የለኝም።”

“ግድ የለህም፣ አንዴ ብታየው...”

“አባባ! እየሰማሁ ነው!”

እጃቸውን ከቁልፋቸው ላይ አነሱ። እኔም ሰማሁ... ወይም የሰማሁ መሰለኝ።

“ሌላ የሰማኸው ድምፅ የለም?” ፕሮፌሰሩ አልለቀቁኝም። “ቂ... ቂ... ቂ... የሚል?”

“እሱማ የግድግዳው ሰዓት ነው።”

“የቱ ሰዓት?”

ዞር ብዬ አየሁ።

አራቱም ግድግዳ ባዶ ነው!

“አባት፣ እባክዎ ሸሚዝዎን ይክፈቱለት” አሉ ፕሮፌሰሩ።

ሽማግሌው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ከአንገታቸው ሥር ጀምሮ ደረታቸውን ለሁለት የከፈለ ረጅም የቀዶ ሕክምና ጠባሳ...

“ቫልቩ ከተቀየረ ዓመት ሊሞላው ነው። ቂ ቂ የሚለው አዲሱ የብረት ቫልቭ ነው። ያልከው ጉርምርምታ ዛሬ የለም። ታዲያ አንተ ምኑን ነው የሰማኸው?”

ወረቀቷን ነዋ የሰማሁት!

“ምርመራ ስትማሩ መጀመሪያ አድርጉ የተባላችሁት ምን ነበር?”

“ማየት...” አልኩ። “ከዚያ መዳሰስ... መጨረሻ ላይ ማዳመጥ።”

“አንተ ከመጨረሻው ጀመርክ። መሄድ ትችላለህ።”

ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ አንድ ቁልፍ ባለመፍታቴ ወደቅኩ! በንዴት ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ደግሞ “ኤሊ” ተራዋን ትጠብቃለች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አንድ በሽተኛ ላይ የአስር ሰው ጊዜ ትጨርሳለች። አምና እዚሁ ፈተና ላይ ሰዓት አልቆባት ወድቃ፣ ዘንድሮ ከእኛ ጋር እየደገመች ነው።

“እንዴት ነበር?” አለችኝ።

“ተዪኝ እባክሽ!”

ይሄኔ ሽማግሌው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። እሷን ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

“ዶክተሬ!” ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “ይቺን ልጅ ታውቃታለህ? በእሷ ነው የቆምኩት” አሉኝ።

“እንዴት?”

“አምና በፈተናው ቀን ስንት ተማሪ ደረቴን አዳመጠ። ሁሉም ‘እንደ ድሮው ነው’ ብሎ ሄደ። እሷ ብቻ ‘አባባ፣ ስንት ትራስ ተደግፈው ነው የሚተኙት?’ አለችኝ። ትራስ ላይ መተኛትማ ከቀረ ቆይቷል፤ ትንፋሼ እያጠረኝ ሦስት ሳምንት ወንበር ላይ ነበር የማድረው። ማን ጠይቆኝ! እሷ ደወል እስኪደወል ስትጠይቀኝ፣ እግሬን ስትዳስስ፣ ጀርባዬን ስታዳምጥ ቆየች። ወጥታም የክፍሉን ሐኪም ይዛ መጣች። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አልቆልኝ ነበር ብለውኛል።”

ፈገግ ብለው አዩዋት።

“ያን ቀን በጣም ጥሩ ውጤት አምጥተሽ መሆን አለበት፣ አይደል?”

ኤሊ መሬት መሬት አየች።

“ግድ የለም አባባ... ዋናው እርስዎ መዳንዎ ነው።”

እሷ ሰው አድና ወደቀች! እኔስ ዓመቱን ሙሉ ምን እያደረግኩ ነበር? ሰዓት ጨረሰች ብዬ እየሳቅኩባት! በራሴ ተናድጄ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ለእናቴ ደወልኩ።

“እማዬ... ወደቅኩ።”

“ምን አጠፋህ ልጄ?”

“የሸሚዝ ቁልፍ ሳልፈታ ቀረሁ።”

ዕድሜ ልኳን ቁልፍ ስትተክል የኖረች ሴት... ጋውኑን ከግድግዳው አውርዳ ለከርሞ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

ኤሊ በዚያው ቀን አለፈች። እኔ በዓመቱ። ዛሬም በሽተኛ ፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ የላይኛውን ቁልፍ ነው የማስፈታው።

ወዳጆቼ... መጽሐፉን ሁሉ ብንሸመድድ፣ ስለ ሰው የተነገረንን ሁሉ ብንይዝ፣ ሰውየውን ራሱን ካላየነው ምንም አላወቅንም። ሰው ደግሞ ከአምና እስከ ዘንድሮ ይለወጣል።

እናንተስ? ሌሎች በነገሯችሁ ብቻ “አውቀዋለሁ” ብላችሁ ያለፋችሁት ሰው የለም? ወይስ እናንተው ናችሁ “ግድ የለህም፣ አንዴ ብታየው” እያላችሁ የሚሰማችሁ ያጣችሁት?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ረጅምም ቢሆን ጻፉ፣ ዛሬ ሰዓት አለኝ።