የጉንጯ ቁስል

ሠርጓ ሁለት ጊዜ የተራዘመው በጉንጯ ቁስል ምክንያት ነው። ጤና ጣቢያ በፋሻ ሲሸፍኑት ይሽራል፤ ፋሻው በተፈታ ማግስት እሳት የነካው መስሎ ያመረቅዛል። እናቷ ያላደረሰቻት ጸበል የለም። "የሰው ዐይን ነው እንጂ እንዲህ ያለ መልክ ላይ ምን ይወጣል!" እያለች ታለቅሳለች። እሷም አብራ ታለቅሳለች።

ለሦስተኛው ቀጠሮ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች። አጠገቧ ታናሽ እህቷ ትርንጎ ደብተሯ ላይ ተደፍታለች።

"ባለ ወፍጮው ታግሦ ታግሦ ሰልችቶታል" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "ቃል ግን አይፈርስም። ትልቋን እግዜር ይማራት፤ ታናሿን ስጡን።"

"ትርንጎን? ገና ስድስተኛ ክፍል እኮ ናት!" አለች እናቷ።

"ታዲያስ? አንቺ ስትዳሪ ስንተኛ ክፍል ነበርሽ?"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባቷ አንገቱን ደፋ። ለመልሱ የአንድ ወር ቀጠሮ ተያዘ።

"እታለም፣ ይቺን ሒሳብ አሳዪኝ" አለቻት ትርንጎ፣ የተባለውን ልብ ሳትል።

አሳየቻት። ከዚያም ከፍራሿ ሥር ትንሿን ብልቃጥ አወጣች፤ ከጓሮው አጥር ቅንጭብ እየሰበረች ቆዳ የሚያቃጥል ወተቱን የምታጠራቅምባትን፣ ማታ ማታ በጥጥ እየነከረች ጉንጯን የምትቀባባትን። ወስዳ ሽንት ቤት ደፋቻት።

ቁስሉ በሦስት ሳምንት ደረቀ። እናቷ ጸበሉን እያመሰገነች እልል አለች።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ሲመጡ፣ ፊቷን ገልጣ በሩን የከፈተችላቸው እሷ ነበረች።