ቮልቴጁ ስንት ይሁን?

ዘቢባና ናሁሰናይ በአንድ ቢሮ የሚሠሩ አኒሜተሮች ናቸው፤ ለአንድ ሽልማት ይወዳደራሉ። ማስረከቢያው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ የሁለቱም ፊልም ግን ገና በየኮምፒውተራቸው ተቀናብሮ አላለቀም።

ረፋዱ ላይ ዘቢባ ጠጋ አለችው።

«ናሁዬ፣ ፊልሙ ቶሎ እንዲያልቅ የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ላፈጥን ነበር። ቮልቴጁን እስከ ስንት ብጨምረው አይጎዳም?»

ከአንድ ነጥብ አራት ቮልት ካለፈ አደጋ እንዳለው ናሁሰናይ አሳምሮ ያውቃል። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የሚፈራት ግን እሷን ብቻ ነበር።

«አንድ ነጥብ ስምንት» አላት፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ። «ሜሞሪውንም እንደዚያው ከፍ አድርጊው። አትፍሪ፣ ምንም አይሆንም።»

«ወንድም ማለት እንዳንተ ነው» አለችው።

ምሳውን ቀስ ብሎ በላ። ሲመለስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለው። የደነገጠ ሰው ፊት አዘጋጅቶ በሩን ከፈተ።

ዘቢባ የተቀመጠችው በእሱ ወንበር ላይ ነበር። ፊት ለፊቷ ያለው የእሱ ኮምፒውተር ጠቁሯል።

«ያንተ ቀርፋፋ ስለሆነ ሰዓቱ እንዳያልፍብህ ብዬ ነው፤ ሳልነግርህ ላስደስትህ ብዬ» አለችው እያለቀሰች። «የእኔን ገና አልነካሁትም።»