የስፖንጁ ልክ

ሰውየው የመኪና ፖሊሽ ማድረጊያውን ክብ ስፖንጅ ጭኑ ላይ አስደግፎ ዙሪያውን በምላጭ ይከረክማል። ከርክሞ ሲጨርስ ጠርዙ እንዳይሻክር በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው።

"ያንኑ ስፖንጅ ነው የምትከረክመው?" አለው አብሮት የሚሠራው ጌጤነህ፣ መኪና እያጠበ። "ባለፈው ወር አሳንሰኸው አልነበር እንዴ? የትኛው መኪና ሥርቻ ነው እንዲህ የሚጠበው?"

"አለ አንድ ቦታ" አለና ብናኙን እፍ ብሎ አራገፈ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ለእህቷ ልጅ ሰርግ በቅርቡ በልኳ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች። ስፖንጁን ተቀበለችው። እጇን በቀሚሷ አንገት አሳልፋ፣ ሐኪሞች የቆረጡት ግራ ጡቷ በነበረበት በኩል ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። ከቀኙ ጋር አስተያየችው።

"አሁንም ተለቅ ይላል" አለች።

"ስፖንጅ አይደል? ሙቀት ሲያገኘው ያብጣል" አላት፣ ዓይኑን ካገጠጠው የትከሻዋ አጥንት እያሸሸ። "ነገ ትንሽ እቀንሰዋለሁ።"

ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሰብስባ ጨበጠችው። ትርፉ ጨርቅ እጇን ሞላው።

"ቀሚሱስ?" አለችው በመስታወቱ ውስጥ እያየችው። "እሱም ሙቀት አግኝቶት ነው?"