የበረሃው አበባ የሚታይበት ቦታ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ። በጸደይ አበባ የት እንደሚታይ ጠይቃችሁኛል። ከመተሐራ ማዶ፣ በረሃው ፓርክ ውስጥ ነው፤ ግን አዲስ መቃብር ላይ ብቻ። ዝናብ ከቀረ ወዲህ መሬት ላይ ውሃ ማፍሰስ ክልክል ነው። የሚፈቀደው ሰው ሲሞት ነው፤ በቀን ከሚሰፈርለት ራሽን ሳይጠጣ ያስተረፋት ውሃ መቃብሩ ላይ ትፈስሳለች።

የልጅ ልጃችን ምዕራፍ አበባ አይታ አታውቅም ነበር። ባለቤቴ የሺወርቅ ታማ የተኛች ጊዜ፣ ጣሳዋ ሁልጊዜ ደረቅ፣ ራሽኗን የምታጠራቅምበት ጄሪካን ግን እየሞላ መሆኑን አየሁ።

«አንቺ፣ ውሃሽን ለምን አትጠጪም?» አልኳት።

«ዝም በል፣ አንተ ሽማግሌ! ጄሪካኑ ይሙላ። ልጅቷ መቃብሬ ላይ አንድ ሁለት አበባ ብቻ አይታ ትመለስ እንዴ?»

ለመንኳት። ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ ልነካላት ስል እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በአርባዋ ምዕራፍን ይዣት ሄድኩ። መቃብሩ ቢጫና ወይን ጠጅ አበባ ለብሶ ጠበቀን። ልጅቷ ተንበርክካ አሸተተች፤ ሳቀች፤ እየዞረች እጇን አጨበጨበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ያንተስ መቼ ነው?»

ልጅ ናት፤ አበባ ድሮ ከመቃብር ሌላም ቦታ ይበቅል እንደነበር ማን ነግሯት ያውቃል?

እናንተ ሄዳችሁ እዩት፣ ያምራል። ብቻ ስታዩት የሺወርቅ ጠምቷት እንደነበር አስታውሱልኝ።