አብረን ያልወረወርናት ጥርስ

ትርሲት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዷ የፊት ጥርሷ የለችም።

"ጥርስሽስ?" አልኳት።

ምላሷን ወደ ክፍተቱ ሰደደችና ደነገጠች። "እኔ እንጃ፣ እማዬ። ዛሬ ሳትወልቅ አልቀረችም።"

ከየት ታስታውሰው! ያ የሴቶች ትምህርት ቤት የእኛን ቢጤ ልጆች በነፃ የሚያስተምረው በዚህ ውል ነው፤ የልጅቷን ወጪ የሚሸፍን ሰው የቀን ውሎዋን ትዝታ ይወስዳል። ትምህርቱ ከሷ ጋር ይቀራል። ሳቁ፣ ልፊያው፣ ጨዋታው ግን ከትምህርት ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ከጭንቅላቷ ወጥቶ ወጪዋን ለሚሸፍኑላት ለወይዘሮ ጽጌማርያም ይሰጣል። ልጅ የላቸውም። ደግ ሴት ናቸው፣ አውቃለሁ።

አመሻሹ ላይ ደወሉልኝ።

"እንኳን ደስ አለሽ! ዳቦ ስትገምጥ ወለቀችላት እኮ! ጣሪያው ላይ ስትወረውራት ጓደኞቿ እንዴት እንዳጨበጨቡላት ብታዪ!" ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ቁርጥ የልጄን ሳቅ ሆኗል። እቤት ከሳቀች ግን ስንት ጊዜዋ!

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? ያቺን ጥርስ ከፋሲካ ጀምሮ በጣቴ እየነካካሁ ስጠብቃት ነበር። አዲስ እንዲበቅልላት እየለመንን፣ ቤታችን ጣሪያ ላይ አብረን ልንወረውራት ተነጋግረን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዩኒፎርሟን አልብሼ አፏን አስከፈትኳት። ከጎን ያለችው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ትነቃነቃለች። ክር አመጣሁ።

"ይቺ ገና ናት፣ እማዬ።"

"ደርሳለች።"

"ያመኛል!"

"ከእኔም ጋር የምታስታውሺው ይኑርሽ" አልኩና ክሩን አጠበቅኩት።