ከአበባው ጉንጉን ውጭ

የሟቹ የሠራተኞች መሪ የተወለደበት መቶኛ ዓመት በዓል ሊጀመር ሲል፣ ከበዓሉ ኮሚቴ አንዷ ወጣት ወንበር ላይ ወጥታ የቢጫ አበባ ጉንጉን በትልቁ ፎቶግራፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንጠለጠለች። በፎቶግራፉ ውስጥ መሪው በስኳር ፋብሪካው በር፣ በርሜል ላይ ቆሞ ይናገራል፤ ሥራ ያቆሙት የአገዳ አራሚ ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከበውታል። ከአዳራሹ ፊት የተቀመጠችው አሮጊት፣ ሱክዳይ፣ ቀና ብላ አየችና ምርኩዟን መሬት ላይ መታች።

«አንቺ ልጅ! አበባ ለሞተ ሰው ምስል እንጂ በቁሙ ላለ ይደረጋል እንዴ? እናትሽ አልነገረችሽም? እዚያ ዳር አፏን ከፍታ የምትጮኸው እኔ ነኝ እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። «አክስቴ፣ ሳይሞቱ ቀበረችዎት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ውይ፣ አፈር ልብላ! አሁን አነሳዋለሁ» አለች ወጣቷ፣ የጉንጉኑንም ጫፍ ከዳር ፈትታ ወደ መሃል ሰበሰበችው።

ሱክዳይም መሳቅ ጀምራ ነበር። በልማዷ ሳቋን የምታጋራው ሰው ፍለጋ ወደ ጎን ዞረች፤ የማታውቀው ጎረምሳ ስልኩን ይነካካል። ወደ ፎቶግራፉ ተመለሰች። እንዲህ ያለውን ቀልድ ዓመቱን ሙሉ የሚያወሩት ሴቶች ሁሉ እዚያ፣ ከአበባው ሥር ነበሩ። ክንዷ ገና ከጎረቤቷ ክንድ ጋር እንደተቆላለፈ፣ እሷ ብቻ ከጉንጉኑ ውጭ ቀርታለች።

«ተይው፣ ልጄ» አለች። «መልሺው።»

«እንዴ አክስቴ፣ እርስዎ አሉ እኮ!»

«አለሁ» አለች ሱክዳይ። «ከማን ጋር?»