ሁለተኛዋ ጉርሻ

በእህቴ በስንቅነሽ መልስ ላይ እናቴ ከዶሮ ወጡ ጠቅልላ ወደ አፌ ስትዘረጋ፣ እጄ ላይ ያለው አምባር ጮኸ።

እንደኔ ልባቸውን የታመሙ ሁሉ አምባሩን የማሰር ግዴታ አለባቸው። የድሮዎቹ የሆዴ ባክቴሪያዎች ከምበላው ሥጋ የሚሠሩት መርዝ ደም ሥሬን ሊዘጋው ሲል ሐኪሞች ባክቴሪያዎቹን በአዲስ ተኩልኝ። የሰው እጅ ግን የድሮዎቹን መልሶ ሊያመጣብኝ ይችላል፤ አምባሩም የሚጮኸው እነሱን የያዘ እጅ ወደ አፌ ሲቀርብ ነው።

“ኧረ እማዬ፣ እጅሽን!” ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፣ እንግዳው ሁሉ እጇን አየ።

“ታጥቤዋለሁ እኮ” አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለእንግዶቹ።

ጉርሻውን ራሷ ጎርሳ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የሐኪም ጓንት አጥልቃ ነበር።

“በሞቴ፣ ጉረስ።”

አምባሩ ዝም አለ። ጎረስኩ። ላስቲክ ላስቲክ አለኝ።

እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ በአንድ ጉርሻ ትታኝ አታውቅም፤ “አንድ ያጣላል” ብላ ትደግመኛለች። ከኀፍረቴ የተነሣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አፌን ከፍቼ ሁለተኛዋን ጠበቅኩ።

ብጠብቅ ብጠብቅ ቀረች። ዓይኔን ስገልጥ ጓንቱን እያወለቀች ነበር።